«ፕሌይ» የቱ ነው?

እኛ ሒሳብ ለመክፈል የምንደባደብ ሰዎች ነን። አራት ሆነን ምግብ ቤት ገብተን ስንወጣ ያየ ፈረንጅ ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም። አንዱ የሌላውን እጅ ይጠመዝዛል፣ አንዱ «ታጥቤ ልምጣ» ብሎ ተነሥቶ ባንኮኒው ጋ በድብቅ ከፍሎ ይመለሳል፣ አንዱ «ሞቼ እገኛለሁ!» እያለ አስተናጋጇን ያስጨንቃል፣ የተቀደመው ደግሞ ተቀይሞ ሳምንት ስልክ አያነሣም። ይህ ሁሉ ደግነት ፊልም ላይ ሲደርስ የት እንደሚገባ እንጃ። ትናንት ለአምስት ሰው ክትፎ የከፈለ ሰውዬ፣ ዛሬ ሁለት ማኪያቶ የማይገዛ ገንዘብ ለፊልም ክፈል ሲባል «እንዴ! በነፃ እያለ?» ብሎ ይቆጣል። ክትፎውን ሰው እንደሠራው ያውቃል፤ ፊልሙ ግን ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ነው። የሚኖረው እዚሁ ካናዳ፣ ብራምፕተን፣ እኛ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ዋይፋይ ሲቋረጥ የሚጠራው እሱ፣ ሪሞቱ እንቢ ሲል ጉልበቱ ላይ መታ መታ አድርጎ የሚያስነሣው እሱ፤ ባጭሩ የቤቱ ኢንጂነር ነው። አንድ የማይናወጥ እምነትም አለው፦ ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ኢንተርኔት የማያውቅ ሰው ነው። በየወሩ ለኔትፍሊክስ እንደምከፍል የሰማ ዕለት በሐዘኔታ አይቶኝ፣ «አይዞህ ጋሼ» ብሎኛል።

የፑንጃብ ፊልም ወደ ቤታችን የገባው ከሥራ ቦታዬ ነው። ብራምፕተን ከቶሮንቶ ጎን ያለች የመጋዘንና የከባድ መኪና ከተማ ናት፤ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ በየቤቱ የሚነገረው ፑንጃቢ ነው። እኔ በምሠራበት መጋዘን የምሳ ጠረጴዛ ላይ ሮቲና እንጀራ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ባለ ጥምጣም የፎርክሊፍት ሹፌር አለ፤ በዕድሜ ሁላችንንም ስለሚበልጥ «ፓጂ» እንለዋለን፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ፓጂ ስለ ፊልም ማውራት ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዝበታል። አንድ ቀን «የህንድ ፊልም በጣም እወዳለሁ» ብለው፣ ሮቲውን አስቀምጦ «የትኛው ህንድ?» ብሎ አፋጠጠኝ።

አልተሳሳተም። እኛ «የህንድ ፊልም» ስንል ጥምጣም ያሰረውንም፣ ሳሪ የለበሰችውንም፣ በአንድ እጁ ጂፕ የሚወረውረውንም አንድ ላይ እንጠቀልላለን። ፑንጃቢ ግን ራሱን የቻለ ቋንቋ፣ ራሱን የቻለ ሲኒማ ነው፤ ያውም በድንበር የተሰነጠቀ። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ህንድን ከፍላ ስትወጣ ፑንጃብም ለሁለት ተከፈለች። ስቱዲዮዎቹ የነበሩባት ላሆር ፓኪስታን ውስጥ ቀረች፣ ከፊልም ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ቦምቤይ ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ ወዲያ ማዶ አንድ የፑንጃቢ ሲኒማ አለ፣ ወዲህ ማዶ ሌላ። በ1969 «ናናክ ናም ጀሃዝ ሃይ» የተባለው መንፈሳዊ ፊልም ሲወጣ ተመልካቹ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ነበር ሲኒማ ቤት የሚገባው፤ ፓጂ ይህን ከእናቱ ሰምቶ ዛሬም ሲናገረው ድምፁ ይቀንሳል። ከዚያ ብዙ የጨለማ ዘመን ሆነ። በ2002 «ጂ አያን ኑ» መጥቶ የህንዱን ወገን ሲኒማ ከተኛበት እስኪያነቃው ድረስ፣ የሚሠራውም የሚታየውም ጥቂት ነበር። ዛሬ ሳቁም ፍቅሩም ሞልቷል፤ ታሪኩም ብዙ ጊዜ ከመንደር ተነሥቶ ካናዳ ወይም እንግሊዝ አገር ያርፋል።

እኔን የያዘኝ «ቸል ሜራ ፑት» ነው፣ የ2019 ፊልም። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ፣ ከህንዱ ፑንጃብና ከፓኪስታኑ ፑንጃብ የመጡ ስደተኞች አንድ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። ወረቀት የላቸውም። ፖሊስ ባዩ ቁጥር መንገድ ይቀይራሉ፣ ለእናታቸው ሲደውሉ ግን ሁሉ ሰላም ነው። መንግሥቶቻቸው የማይነጋገሩ ሰዎች የጋዝ ሒሳብ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ተዋናዮቹም የምር ከሁለቱ አገር የመጡ ናቸው፤ ከወዲህ አምሪንደር ጊልና ሲሚ ቻሃል፣ ከወዲያ እነ ኢፍቲካር ታኩር። ስደት ላይ ያለ ሐበሻ ይህን ፊልም አይቶ «የእኛን ቤት ማን ነገራቸው?» ሳይል አይቀርም።

እንግዲህ አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። አማቴ በወጣትነታቸው ሲኒማ ራስ እየገቡ ለህንድ ፊልም ነጠላቸውን በእንባ ያራሱ ሴት ናቸው። ስለ ፊልም ያላቸው መመዘኛም ግልጽ ነው፦ እናት ዓይኗ ካልጠፋ፣ ወንድማማቾች በልጅነታቸው ካልተጠፋፉ፣ መጨረሻ ላይ በአንገት ማተብ ካልተዋወቁ ፊልም አይባልም። ስለ በርሚንግሃሞቹ ስደተኞች ስነግራቸው «እናቶቻቸው በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁ። «አሉ» አልኳቸው። «እንግዲያው እንየው» አሉ።

ኢንጂነሩ «ቆይ አንዴ! በነፃ አለ» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ ከቤዝመንት ብቅ አለ። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። የገጹን ስም አልጽፈውም፤ ብጽፈውም እስኪታተም ድረስ ሌላ ስም ይዞ ይጠብቃችኋል። የእነዚህ ገጾች ኑሮ እንዲህ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲያሳግዳቸው ስማቸው ላይ አንድ ፊደል ጨምረው በነጋታው ሱቅ ይከፍታሉ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 መላ ያበጀው በዚህ ተማርሮ ነው፤ አንድ ገጽ አንዴ ከታገደ፣ ስም ለውጦ የሚመጣው ቅጂውም አዲስ ክስ ሳያስፈልግ ተከትሎ ይታገድ ብሎ ወሰነ።

ገጹ ተከፈተ። መሀሉ ላይ ትልቅ የ«ፕሌይ» ቁልፍ አለ። ከሥሩ አረንጓዴ «ፕሌይ» አለ። በቀኝ «አሁን ይመልከቱ»፣ በግራ «አውርድ»፣ ከላይ «በጥራት ይመልከቱ»፣ ጥግ ላይ ደግሞ የምትንቀጠቀጥ ቀይ ቁልፍ። አማቴ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «የቱ ነው?» አሉ። ልጃቸው በኩራት «ልምድ ይጠይቃል እማዬ» አለና አንዱን ነካ። የቁማር ማስታወቂያ ተከፈተ። ዘጋው። ሌላ ነካ፤ «ስልክዎ 13 ቫይረስ ተገኝቶበታል!» የሚል ጩኸት መጣ። ከላፕቶፕ ላይ ሆኖ የስልክን ቫይረስ የሚቆጥር ሐኪም! እሱንም ዘጋው። ሦስተኛውን ሲነካ ቴሌቪዥናችን በሙሉ ስፋቱ አንዲት ራቁቷን የሆነች ሴት አወጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በጣም ፈጣን ነበር። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ። ባለቤቴ መብራቱን አጠፋች፤ መብራቱ ሲጠፋ ምስሉ የባሰ ደመቀ። አማቴ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላሉ። እኔ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቀልኩ፤ ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው ድምፁ ቀጠለ፣ እሱም ከምስሉ አይሻልም ነበር።

በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር። እኛ ግን በነፃ የጀመርነውን አንተውም። ተረጋግተን እንደገና ስንከፍት ደማቅ ወርቃማ ወረቀት እየተበተነ «እንኳን ደስ አለዎት! አይፎን አሸንፈዋል!» የሚል ወጣ። አማቴ ፊደሉን ባያነቡትም ወረቀቱ ሲበተን ገባቸው። ልጃቸው ተርጉሞ ሳይጨርስ እልልታቸውን አቀለጡት። ለማን እንደሚሰጡትም እዚያው ወሰኑ፤ ለእህታቸው የመጨረሻ ልጅ። «ውሸት ነው እማዬ» ቢላቸው «አንተ ደግሞ ምቀኛ!» ብለው ገሠጹት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ያቺ የእህታቸው ልጅ ዛሬም በደወለች ቁጥር አይፎኑ የት እንደደረሰ ትጠይቃለች።

አንድ ነገር ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ገጹን እስከ ታች ብትወርዱ፣ በትንንሽ ፊደል «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። የሰው ፊልም ሰርቆ፣ የሰረቀበትን ገጽ እንዳትሰርቁበት ያስጠነቅቃል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ።

ፊልሙ በመጨረሻ ተጀመረ። ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ በስልክ የተቀዳ ነበር። ምስሉ አንዴ ይዘማል፣ አንዴ የሚቀዳው ሰው ትንፋሽ ይሰማል፣ ሰው ሳይስቅ ከኋላ አንድ ሰው ብቻውን ይስቃል። ጀግናው ለእናቱ በስልክ የሚያወራበት ቦታ ላይ ከፊት ረድፍ አንድ ወፍራም ጥላ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ሄደ፤ የጀግናውን ፊት ከነእንባው ሸፈነው። አማቴ ጎንበስ ብለው «ይሄ ደግሞ ማነው? ወንድሙ ነው?» አሉ። ጥላው ፈንዲሻውን ይዞ ሲመለስማ ወንድሙ ለመሆኑ ምንም አልተጠራጠሩም።

ልጁ ተናዶ ሌላ ቅጂ አመጣ። ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ግን አንድ ነገሩ ያስፈራል፤ ጎልማሳዎቹ ሁሉ በሕፃን ድምፅ ያወራሉ። በማግስቱ ለፓጂ በስልኬ ባሳየው ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጧል። የሱቆቹ ጽሕፈት ወደ ኋላ ይነበባል፣ በግራ በኩል መንዳት ያለበት የእንግሊዝ አውቶቡስ በቀኝ ይከንፋል። ዋናውን ፊልም እያነጻጸረ የተሰረቀ የሚለይ ማሽን ስላለ፣ ሌቦቹ እንዳይያዙ ምስሉን ይገለብጡታል፣ ጠርዙን ይቆርጡታል፣ ድምፁንም ትንሽ ያፋጥኑታል። የሕፃኑ ድምፅ ለካ ከዚህ የመጣ ነው።

ሳቃችንን ስንጨርስ ፓጂ ኮስተር አለ። የአጎቱ ልጅ ሞሃሊ ከተማ የፊልም መብራት ሠራተኛ ነው። «የሂንዲ ፊልም ትልቅ ነው፣ ቢሰረቅም ይቆማል» አለኝ፤ «የእኛ ፊልም ገበያው ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈበት አለፈበት። ግማሹ ተመልካች እዚህ ነው፣ እናንተ ሰፈር። እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ስትሰርቁት የአጎቴ ልጅ ቀጣዩ ሥራ ላይ አይጠራም።» መልስ አጣሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሐበሻ ባልደረባዬ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ አገር ቤት እያለ የካሴት ሱቅ ነበረው። የእኛም ፊልም ሠሪዎች ሲኒማ ቤት ላይ ሙጭጭ ብለው፣ ሲዲ ከማውጣት ሲሸሹ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አንዴ ሲዲው ከወጣ በነጋታው በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይታያል። ዛሬ መንገዱ ቴሌግራም ሆነ እንጂ ዝርጋታው አልቀረም።

ነፃው ፊልም ሒሳቡን ማምጣት የጀመረው ከሰነበተ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ማውራት ጀመረ። ፊልሙን ስንከፍት «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሎ ነበር፤ ኢንጂነሩም ሮቦት አለመሆኑን አረጋገጠ። የፈቀደው ግን ማስታወቂያው እንደልቡ እንዲመጣ ነበር። ሌሊት በስምንት ሰዓት «ብቸኛ ነዎት?» ይላል፣ ጠዋት «ባንክዎ ታግዷል» ይላል። ቀጥሎ ካርዱ መጣ። አንዱ ገጽ «ዕድሜዎን ለማረጋገጥ ብቻ፣ ምንም አይቆረጥም» ብሎ የካርድ ቁጥር ጠይቆት ነበር። በሕይወቱ ለፊልም አምስት ሳንቲም ከፍሎ የማያውቀው ልጅ፣ ስሙ የማይነበብ ድርጅት ወርኃዊ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። ባንክ ደውሎ ካርዱን አዘጋ። እንዴት እንደሆነ እህቱ ስትጠይቀው «ቴክኒካል ጉዳይ ነው» አላት።

ይህ ቀላሉ ነው። የሚከፋው አገር ቤት ላለው ሰው ነው። በቴሌግራም «ይህን አፕ ጫን፣ ሁሉም ፊልም በነፃ» ተብሎ የሚላከው ፋይል ከፕሌይ ስቶር አልመጣም፣ ማንም አልመረመረውም። ሲጫን «አጭር መልእክትዎን ላንብብ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊልም የሚያሳይ አፕ የእናንተን ሜሴጅ ምን ያደርግለታል? የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያው በሜሴጅ ነው። ዛሬ የሰው ቦርሳ ስልኩ ሆኗል፤ ቴሌብሩም የባንኩም አፕ እዚያው ናቸው። ለአንድ የተገለበጠ ፊልም ብሎ የቦርሳውን ዚፕ የሚከፍት ሰው ካለ፣ እሱን መምከር የእኔ ሥራ አይደለም፣ የንስሐ አባቱ ነው።

ስለ ቦክሷም ላንሣ፤ ብዙ የሐበሻ ሳሎን ውስጥ ስላለች። «አንዴ ከፍለህ የዓለምን ቻናል ታያለህ» ተብላ የምትሸጠውን ስም የለሽ የአንድሮይድ ሣጥን ማለቴ ነው። በጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ስለ «ባድቦክስ 2.0» ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ርካሽ ሣጥኖችና መሰል ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ፣ ወይም መጀመሪያ ሲከፈቱ በሚጫነው አፕ በኩል ተበክለው፣ የባለቤታቸውን ኢንተርኔት ወንጀለኛ እንዲጠቀምበት በር ይከፍታሉ። እናንተ ቡና አፍልታችሁ ድራማ ስታዩ፣ በእናንተ ቤት አድራሻ ሌላው ሥራውን ይሠራል። ፖሊስ ዱካ ቢከተል የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ሕጉንም በአጭሩ። ቶሬንት የሚባለው ማውረጃ፣ እናንተ እያወረዳችሁ ሳለ ያወረዳችሁትን ቁራጭ ለሌላው ያከፋፍላል፤ ተቀባይም አከፋፋይም ናችሁ ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ የፊልሙ ባለቤት ይህን ሲያይ በኢንተርኔት ድርጅቱ በኩል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ደብዳቤው የሚመጣው ሒሳቡን በሚከፍለው ሰው ስም ነው፤ እኛ ቤት ያ ሰው ማን እንደሆነ ገምቱ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ለንግድ ላልዋለ ጥሰት ሕጉ ያስቀመጠው ካሳ ከ100 እስከ 5,000 ዶላር ነው። ጀርመን ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከጠበቃ የሚመጣውን የክፈል ደብዳቤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ህንድ በ2023 የሲኒማ ሕጓን አሻሽላ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልም የሚቀዳውን ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት እሥራት ደንግጋለች፤ መቀጮው ከ300,000 ሩፒ ይጀምርና ፊልሙ ከወጣበት ወጪ እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። የእኛው አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አውቆ የቅጂ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይላል። የፍላሽ ጫኝ ቤቶችን ብዛት ላሰበ፣ አዋጁ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ የሚበቃ ማረሚያ ቤት አይገኝም።

ቅጂ መብት እኮ ጀግናውንም አይምርም። በ1979 ፓኪስታን ውስጥ የወጣው «ማውላ ጃት» መጥረቢያ የመሰለ መሣሪያ ይዞ ጠላቱን የሚያርበደብድ የገጠር ጎበዝ ታሪክ ነው። ቢላል ላሻሪ የተባለው ዳይሬክተር እንደገና ሊሠራው ቢነሣ የቀድሞው ፊልም ባለቤት በመብት ጥያቄ ከሰሱት፤ ጎበዙ ከነመሣሪያው ዓመታት ፍርድ ቤት ሲጠብቅ ቆየ። በ2020 ታረቁ፣ በ2022 «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ማውላ ጃት» ወጣ፣ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በፓኪስታን ፊልም ታሪክ ተወዳዳሪ አጣ።

ታዲያ በሕጋዊ መንገድ የት ይታያል? አማቴ አገራቸው ሳይመለሱ ይህን አጣርቻለሁ። ቾፓል የሚባል አፕ አለ፣ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራ፣ ፑንጃቢን ዋና ሥራው ያደረገ፤ የፓጂ ቤተሰብ የሚያየው በእሱ ነው። ፕራይም ቪዲዮ፣ ዚ5 እና ኔትፍሊክስ ላይም የፑንጃቢ ፊልም አለ፤ ግን የቱ ፊልም የት እንዳለ ከአገር አገር፣ ከወር ወር ይለያያልና ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን ፈልጉ። ነፃ ለሚወድ ወገን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ድግስ አለ። እንደ ስፒድ ሪከርድስ ያሉ የፑንጃብ ድርጅቶች በራሳቸው ቻናል የቆዩ ፊልሞችን ከነሙሉ ርዝመታቸው ይለጥፋሉ፤ የሚያስከፍሉት ማስታወቂያ ማየት ብቻ ነው፣ ማስታወቂያውም ልብስ የለበሰ ነው። የዶላር ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ ተመልካች ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ቻናሉ የድርጅቱ ስም ያለው፣ ምስሉ ያልተገለበጠ፣ ጎልማሳው በጎልማሳ ድምፅ የሚያወራ።

ሁልጊዜ ግን በሩ ክፍት ነው ብዬ አልዋሽም። ከላይ ያነሣሁት ማውላ ጃት ዓለምን ሲያዳርስ፣ በዚያው ቋንቋ የሚያወሩት የህንድ ፑንጃቦች ሲኒማ ቤታቸው ውስጥ እንዲያዩት አልተፈቀደላቸውም። በ2025 ደግሞ የዲልጂት ዶሳንጅ «ሰርዳር ጂ 3» ፓኪስታናዊቷ ሃኒያ ዓሚር ስላለችበት፣ ሁለቱ አገሮች በተቀያየሙበት ሰሞን ህንድ ሳይገባ ውጭ አገር ብቻ ታየ። ፑንጃቢ ፊልም በገዛ ቀዬው ተከልክሎ ብራምፕተን ላይ በትኬት ይሸጣል። ፖለቲከኞች በሩን በዘጉት ቁጥር ሌቦቹ መስኮቱን በነፃ ይከፍታሉ፤ በዚህ ጉዳይ ተመልካቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እዚህ ላለነው ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ በመስኮት መግባት ምን የሚሉት ልማድ ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ሲኒማ ቤቱ ነው። አማቴን የወሰድናቸው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ፑንጃቦች ፊልም የሚያዩት አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሆነው ነው፤ ጡት የሚጠባው ሳይቀር ይመጣል። ጀግናው ብቅ ሲል ይፏጫል፣ ሙዚቃ ሲመጣ ከኋላ የሚነሣ አይጠፋም። አጠገባችን የተቀመጡ ጥምጣም ያሰሩ አዛውንት ለአማቴ ሳሞሳ አቀረቡ፤ አማቴም ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው መለሱ። ከዚያ ሁለቱ፣ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው፣ በተመሳሳይ ቦታ ሲስቁ አመሹ። ፊልሙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለነበረው የባለቤቴ ወንድም ጆሯቸው ሥር ሆኖ በአማርኛ ያስተረጉም ነበር። ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናትየዋን ፊልሙ ሳይገድላት እሱ ገደላት። አማቴ አለቀሱ፣ ረኩ፣ ሲወጡም «ይሄ ነው ፊልም!» አሉ። ትኬቱን ማን ከፈለ? ኢንጂነሩ። ባንኮኒው ጋ እጄን ጠምዝዞ «ጋሼ ሙት!» ብሎ።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ወዳጆቼ፣ እንደምታውቁኝ ስልኬ ማታ ማታ ክፍት ነው። የፊልም ስም ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ኮሜዲ ለምትወዱ የጂፒ ግሬዋልን «ኬሪ ኦን ጃታ» እላለሁ፤ ሦስተኛው ክፍል በ2023 ከህንዱ ወገን አንድ ቢሊዮን ሩፒ ያለፈ የመጀመሪያው የፑንጃቢ ፊልም ተብሎለታል። በውሸት ላይ ውሸት እየቆለለ የሚሄድ ፊልም ነው፤ በነገር አዋቂው ጠበቃ ሚና የምታዩት ጃስዊንደር ባላ በኦገስት 2025 ያረፈ፣ ዕድሜውን በግብርና ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነበር። የድሮ ፍቅር ለምትወዱ «አንግሬጅ» አለ። ስደት ላይ ላላችሁ ቸል ሜራ ፑትን ነግሬያችኋለሁ። «ሊንኩን ላክልኝ» ብላችሁ ግን አትጻፉልኝ፤ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልክም።